6 ሜትር የእንጨት ወለል ትራስ፦ ስሌቱ አለፈ፣ ወለሉ ግን ይነጥራል

ወለሉ_ነጠረ
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ጉዳዩ ረዘም ይላልና ታገሱኝ። ትራስ የምለው ከላይና ከታች አግድም፣ በመሃላቸው ሰያፍ እንጨት ያለውን የመዋቅሩን ነው፣ የራስጌውን አይደለም፤ ባለፈው አንዱ ስለቀለደብኝ አስቀድሜ ልናገር።

ለፎቅ ወለል የእንጨት ትራስ ሠራሁ። ስፓኑ (ከድጋፍ እስከ ድጋፍ ያለው ርቀት) 6 ሜትር፣ ቁመቱ 300 ሚ.ሜ.፣ በየ600 ሚ.ሜ. የተደረደረ። የላይና የታች ኮርዱ (አግድሙ እንጨት) 45 በ95 ሚ.ሜ. ሆኖ በሰፊው ጎኑ ተኝቶ ነው፤ የጥንካሬ ደረጃው ሲ24። ሰያፎቹ በ45 ዲግሪ ገደማ ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ። መገጣጠሚያው ሁሉ ግራና ቀኝ በኮምፔንሳቶ ጉሴት (ማያያዣ ቁራጭ) ታቅፎ በ4 ሚ.ሜ. ምስማር ተመቷል፤ በእያንዳንዱ የሰያፍ ጫፍ 12 ምስማር፣ በአንድ ጎን 6 በሌላው 6። ከላይ 18 ሚ.ሜ. ኮምፔንሳቶ ለብሷል።

ጭነቱን ለላይቭ ሎድ (ለሰውና ለዕቃ) 2 ኪሎኒውተን በካሬ ሜትር፣ ለዴድ ሎድ (ለወለሉ ለራሱ ክብደት) 0.8 ያዝኩ፤ 1 ኪሎኒውተን 100 ኪሎ ገደማ ነው። እያንዳንዱን እንጨት ሲሳብም ሲጨመቅም ፈተሽኩት፤ ሁሉም አለፈ። ዲፍሌክሽኑንም (መጉበጡን) እንደ ቢም ቆጥሬ አሰላሁ፦ በላይቭ ሎድ 13 ሚ.ሜ. ገደማ ወጣ። ገደቡ ስፓን ሲካፈል ለ360፣ ማለትም 16.7 ሚ.ሜ. ስለሆነ ደስ ብሎኝ ወረቀቱን ዘጋሁ።

አሁን ስንራመድበት ወለሉ ይነጥራል። ልጄ ከዳር እስከ ዳር ስትሮጥ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ይንቃጨላል። ኮርኒሱ ገና ስላልተመታ ከታች ሁሉም ነገር ይታያል። ጥያቄዬ ሁለት ነው። ይፈርሳል ወይ? ካልፈረሰስ ምን ይሻለኛል?

ፈጣን_መልስ
መሃሉ ላይ አንድ አግዳሚ በቋሚ ደግፈህ አስገባበትና ተገላገል። ስፓኑ 3 ሜትር ሆነ ማለት ነው። ምን ስሌት ያስፈልገዋል።

መሀንዲሷ
ወንድሜ ወለሉ_ነጠረ፣ መጀመሪያ ልብህ ይረፍ፤ የነገርከን ልክ ከሆነ፣ የምስማሮቹም ጥንካሬ ተፈትሾ ካለፈ፣ አይፈርስም። መፍረስና መንጠር ለየቅል ናቸው። የጥንካሬ ፍተሻ «ይሰበራል ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። የግትርነት ፍተሻ ደግሞ «ሳይሰበር ስንት ይሄዳል?» ነው። አንተ ሁለተኛውን ጥያቄ በግማሽ መልሰህ ተውከው። (ቋሚ አቁም ለተባለው እመለስበታለሁ፤ እስከዚያ ምንም እንዳታቆም።)

13 ሚ.ሜ. እንዴት እንደወጣ ገምቼ ደግሜ ሠራሁት። ሁለቱን ኮርዶች ብቻ ወስደህ፣ በመሃላቸው ያለውን 255 ሚ.ሜ. ርቀት ይዘህ እንደ አንድ ቢም ቆጥረሃቸዋል። የአንድ ኮርድ ቁርጥ ገጽ ስፋት (45 በ95) 4275 ካሬ ሚ.ሜ.፣ የሲ24 ኢላስቲክ ሞጁለስ (የእንጨቱ የግትርነት መጠን) 11000 ኒውተን በካሬ ሚ.ሜ. ሲሆን በሙሉ ጭነት 18.5፣ በላይቭ ሎድ ብቻ 13.2 ሚ.ሜ. ይሰጣል። ሂሳቡ ልክ ነው። ነገር ግን ያ ትራስ መገጣጠሚያው ቅንጣት የማይንሸራተት ትራስ ነው። ያንተ የተያያዘው በምስማር ነው፤ ምስማር ደግሞ ይንሸራተታል።

እስቲ አንዱን ጫፍ አብረን እንየው። በሙሉ ጭነት አንድ ትራስ በሜትር 1.68 ኪሎኒውተን ይሸከማል፤ አንዱ ግድግዳ ላይ የሚያርፈው 5 ኪሎኒውተን ነው። ያንን የመጀመሪያው ሰያፍ በ45 ዲግሪ ሲቀበለው 7.1 ኪሎኒውተን ይሆንበታል። በዩሮኮድ 5 (የአውሮፓ የእንጨት መዋቅር ደንብ) ቀመር፣ እንጨቱ አስቀድሞ ሳይበሳ የተመታ አንድ 4 ሚ.ሜ. ምስማር በሲ24 ላይ 1 ሚ.ሜ. እንዲንሸራተት ወደ 870 ኒውተን ይፈልጋል። 12ቱ አንድ ላይ 10.4 ኪሎኒውተን። ስለዚህ የሰያፉ አንድ ጫፍ 0.7 ሚ.ሜ. ገደማ ይንሸራተታል፤ ሌላው ጫፉም እንደዚያው፤ ወዲያኛው ግድግዳ ጋ ያለው አቻውም እንደዚያው። የእነዚህ የሁለት ሰያፎች መንሸራተት ብቻ የትራሱን መሃል 1.9 ሚ.ሜ. ዝቅ ያደርገዋል።

አንተ ጋ ወደ 24 ሰያፎች አሉ። ወደ መሃል በተጠጉ ቁጥር ኃይሉ ስለሚቀንስ ድርሻቸውም እያነሰ ይሄዳል፤ ሁሉም ሲደመር ግን 11.6 ሚ.ሜ. ነው። በ18.5 ላይ ጨምረው፦ 30 ሚ.ሜ.። ላይቭ ሎዱ ብቻውን ከ13.2 ወደ 21.5 ወጣ ማለት ነው። ገደብህ 16.7 ነበር።

ወለሉ_ነጠረ
አፌን ይዤ ቀረሁ። ከአጠቃላዩ ሲሶ በላይ የሚሆነው ከምስማር ነዋ! ሰያፎቹ ራሳቸው መለጠጣቸውና ማጠራቸውስ አይቆጠርም? እሱንም ረስቼዋለሁ።

መሀንዲሷ
ይቆጠራል፤ ግን ሰያፎቹ አጫጭር ናቸው፣ ኃይላቸውም ትንሽ ነው። የሁሉም ተደምሮ መሃሉ ላይ ግማሽ ሚ.ሜ. እንኳ አይሞላም። ለዚህ ነው በእንጨት ትራስ ላይ እንጨቱን ትቼ ወደ መገጣጠሚያው የምሮጠው።

ሚሊሜትር
እኔ ደግሞ ስለ 360 አንድ ነገር ልበል፤ ብዙ ሰው ያችን ቁጥር የምቾት ዋስትና አድርጎ ይወስዳታል። አመጣጧ ከልስን ኮርኒስ ጋር የተያያዘ ነው፦ ከዚያ በላይ ከጎበጠ ልስኑ ይሰነጠቃል ተብሎ። ሰው ሲራመድ ምን ይሰማዋል የሚለውን በቀጥታ አትነካውም። አጭር ስፓን ላይ ስለማያስቸግር እንዲሁ አብራ ታልፋለች፤ ስፓኑ ወደ 5 እና 6 ሜትር ሲሄድ ትጋለጣለች።

የመንጠሩ ነገር አዲስ ቅሬታም አይደለም። እንግሊዛዊው ቶማስ ትሬድጎልድ ገና እ.ኤ.አ. በ1828 ሰው በተራመደ ቁጥር የክፍሉ ዕቃ ሁሉ እንዳይናጥ የወለል ቢሞች በተቻለ መጠን ቁመታቸው ከፍ ይበል ብሎ ጽፏል። የጠያቂያችን ብርጭቆ ወደ 200 ዓመት የሚጠጋ ወግ አላት ማለት ነው።

ንዝረቱን ለመገመት አንዲት ቀላል ቀመር አለች፦ ወለሉ በቋሚ ክብደቱ ብቻ የሚጎብጠውን በሚ.ሜ. ያዝ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጣ፣ 18ን በእሱ አካፍል። የሚወጣው በሄርዝ የወለሉ ተፈጥሯዊ ድግግሞሽ ነው፣ ማለትም በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚነዝር። በዩሮኮድ 5 ለመኖሪያ ቤት ወለል መነሻው 8 ሄርዝ ነው፤ ከዚያ በታች ከሆነ ልዩ ጥናት ያስፈልገዋል። 8 ሄርዝ ማለት 5 ሚ.ሜ. ገደማ መጉበጥ ነው።

መሀንዲሷ ባወጣችው ቁጥር ስሄድ፣ በዴድ ሎድ ከኮርዶቹ 5.3 ሚ.ሜ. አለ፤ ከምስማሩ ጋር 8.6። ምስማሩ ባይንሸራተት 7.8 ሄርዝ ይሆን ነበር፣ ገደቡ ደጃፍ ላይ። ከነመንሸራተቱ ግን 6.1። የሰው አካል በተለይ ከ4 እስከ 8 ሄርዝ ያለውን ንዝረት ጎልቶ ይሰማዋል። እርምጃ በሰከንድ 2 ጊዜ ገደማ ነው፤ ሦስተኛው ብዜቱ 6 ላይ ያርፋል። ወለልህ እና የልጅህ እግር ተግባብተዋል ማለት ነው።

ጋሽ_መጋዝ
ልጄ፣ ስሌቱን ልጆቹ ይሥሩት፤ እኔ ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ። እንጨቱ ሲሠራ ደርቆ ነበር?

የምጠይቅህ እኔ ራሴ ተቃጥዬበት ስለማውቀው ነው። አንድ ጊዜ ሥራው ተቻኩሎብኝ ያልደረቀ እንጨት ላይ ጉሴት መታሁ። በመጀመሪያው ቀን እንደ ድንጋይ ነበር፤ ዘልዬበት ሳቅሁ። ወራት አለፉና ስመለስ እንጨቱ ደርቆ ምስማሮቹ ዙሪያ ሸሽቷል፤ ጉሴቱን በእጄ ስገፋው ያንቋቋል። ትራሱ ደግሞ በጭነት ላይ እያለ ስለደረቀ ወገቡ እንደጎበጠ ቀረ። ጭነቱን ሁሉ አውርደን ብናየው ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም።

ሌላው፣ ትራስ ሲገጣጠም የተሰመረው የእርሳስ መስመር ካለ ሂድና እየው። ሰያፉ ላይና ጉሴቱ ላይ ቀጥ ብሎ የነበረው መስመር ተሰብሮ ከሆነ፣ ያ ነው የሚነጥርብህ።

ወለሉ_ነጠረ
ጋሼ፣ እንጨቱ ደረቅ ነበር፤ በመለኪያ 14 በመቶ እርጥበት አሳይቶኛል። መስመሩን ግን ሄጄ አየሁት፤ እጅዎን ይባርከው!

አናፂያችን ጉሴት ከመምታቱ በፊት የሰያፉን ማዕከል በእርሳስ እስከ ጉሴቱ ድረስ ያሰምር ነበር። በባትሪ መብራት አንድ በአንድ ተመለከትኩ። መሃል አካባቢ ያሉት መስመሮች ቀጥ እንዳሉ ናቸው። ግድግዳው ጋ ባሉት የመጀመሪያዎቹ ሰያፎች ላይ ግን መስመሩ በጉሴቱ ጠርዝ ላይ እርከን ሠርቷል፤ የእርሳስ ጫፍ ውፍረት ቢሆን ነው፣ ግማሽ ሚ.ሜ.። ወለሉ ላይ ለአንድ ሳምንት የኮምፔንሳቶ ክምር ተቀምጦ እንደነበር አሁን ትዝ አለኝ።

አንድ ሙከራም አደረግሁ። ከታችኛው ወለል እስከ ትራሱ የታች ኮርድ ድረስ ቀጥ ያለ ሞራሌ አቁሜ ጫፉ ላይ የሚሊሜትር ወረቀት ለጠፍኩ። ከዚያ መሃል ትራስ ላይ በርሜል አስቀምጬ 200 ሊትር ውኃ ሞላሁ። ባዶ እያለ ምልክት፣ ሲሞላ ምልክት። ልዩነቱ 5 ሚ.ሜ.። ውኃውን ስቀዳው ወደ ነበረበት ተመለሰ፤ ግማሽ ሚ.ሜ. ያህል ቀረበት፣ ወይም ዓይኔ ነው።

መሀንዲሷ
በጣም ጥሩ ልኬት ነው። 200 ሊትር ማለት ወደ 2 ኪሎኒውተን፤ ስለዚህ በ1 ኪሎኒውተን 2.5 ሚ.ሜ. ወርዷል። ያው ትራስ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ከ5 ሚ.ሜ. በላይ በሆነ ነበር፤ ግማሹን ኮምፔንሳቶው ለጎረቤቶቹ አካፍሎልሃል። ዩሮኮድ 5 ለዚህ ልኬት ከ0.5 እስከ 4 ሚ.ሜ. ይፈቅዳል፣ ሰፊ ሜዳ ነው። እኔ ለራሴ ቤት ከ1.5 በላይ አልቀበልም።

የመስመሩ ነገርማ ከሂሳቡ ጋር ገጠመ፦ ዳር ላይ ትልቅ መንሸራተት፣ መሃል ላይ ምንም።

አሁን ወደ ቋሚው ልመለስ። ፈጣን_መልስ፣ አትቀየመኝ። በሁለት ግድግዳ ላይ ያረፈ ትራስ መሃሉ ላይ ሲደገፍ ሌላ ትራስ ይሆናል። ያ ድጋፍ ከጠቅላላው ጭነት 5/8 ይወስዳል፤ እዚህ ላይ 6.3 ኪሎኒውተን ነው። የላይኛው ኮርድ መሃል ላይ ይጨመቅ የነበረው አሁን ይሳባል፤ የታችኛው በተቃራኒው። ከሁሉም የሚያሳስበኝ ግን መሃል ያሉት ሰያፎች ናቸው። ቀድሞ ምንም ኃይል አልነበረባቸውም፤ ብዙ ጊዜ በዚያ ምክንያት ምስማራቸው ይቀነሳል፣ እንጨታቸውም ይቀጥናል። ድጋፉ ሲገባ ግን ከ4 ኪሎኒውተን በላይ ይመጣባቸዋል። በዚያ ላይ ድጋፉ ከመገጣጠሚያ ሥር ሳይሆን በሁለት መገጣጠሚያ መካከል ካረፈ፣ ተኝቶ ያለውን 45 ሚ.ሜ. ኮርድ ከታች ወደ ላይ ይሰብረዋል። የዚህ ሰውዬ ትራስ በሁሉም ሰያፍ ላይ 12 ምስማር ስላለው ምናልባት ይችለው ይሆናል፤ ግን ተሰልቶ እንጂ «ተገላገል» ተብሎ አይደለም።

ፈጣን_መልስ
እሺ፣ ተምሬያለሁ። ግን እኔ ለአባቴ ቤት እንደዚያ አድርጌ እስካሁን ቆሟል።

ጋሽ_መጋዝ
ቆሟል ማለት ትክክል ነው ማለት አይደለም ልጄ። ከመገጣጠሚያው ሥር ይሁን አይሁን ሄደህ እየው።

ወለሉ_ነጠረ
እህቴ መሀንዲሷ፣ ላስቸግርሽና፣ ከመጀመሪያው ቁመቱን 400 ሚ.ሜ. ባደርገው ኖሮ ይበቃኝ ነበር? ወይስ ሲ30 ብገዛ?

መሀንዲሷ
ሲ30ን እርሳው። ከሲ24 ወደ ሲ30 ስትወጣ የመታጠፍ ጥንካሬው ከ24 ወደ 30 ያድጋል፤ 25 በመቶ። ኢላስቲክ ሞጁለሱ ግን ከ11000 ወደ 12000 ብቻ ነው የሚሄደው፤ 9 በመቶ። ለጥንካሬ የከፈልከው ለግትርነት ብዙም አይረዳህም። ከሲ16 ወደ ሲ24 ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ 8000 ወደ 11000 ይሆንልሃል።

ቁመቱ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መልሱም ብዙ ሰው እንደሚያስበው አይደለም። «ቁመት ሲጨምር ግትርነት በካሬው ይጨምራል» ይባላል። ለኮርዶቹ እውነት ነው፦ በመሃላቸው ያለው ርቀት ከ255 ወደ 355 ሲሆን ከእነሱ የሚመጣው መጉበጥ ከ18.5 ወደ 9.5 ይወርዳል፣ በግማሽ ገደማ። ምስማሩ ግን ይህን ሕግ አያውቅም። የሰያፎቹ ኃይል ከግድግዳው ምላሽና ከ45 ዲግሪው ነው የሚመጣው፤ የትራሱ ቁመት ሲጨምር አይቀንስም። የሚቀንሰው የሰያፎቹ ቁጥር ነው፤ ከ24 ወደ 17 ገደማ። ስለዚህ የመንሸራተቱ ድርሻ ከ11.6 ወደ 8.3 ብቻ ይወርዳል። ጠቅላላው 18 ሚ.ሜ. ገደማ ይሆናል። ላይቭ ሎዱ ብቻውን 12.8፤ ስፓን ሲካፈል ለ470 ያህል። ድግግሞሹ ደግሞ 8 ሄርዝ ላይ ያርፋል። ያልፋል፤ ግን የተመኘኸውን ያህል አልሸሸም።

አሁን ተቃራኒውን ሞክር። ቁመቱ 300 እንዳለ ሆኖ ጉሴቶቹ በኮላ ተይዘው መንሸራተቱ ወደ ዜሮ ቢጠጋ፣ 18.5 ሚ.ሜ. እና 7.8 ሄርዝ። ከ400ው ባለምስማር ትራስ ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው! ሁለቱን አንድ ላይ ብታደርግ፣ ማለትም 400 ከኮላ ጋር፣ ወደ 11 ሄርዝ ትወጣለህ፤ ያኔ ልጅህ ገመድ ብትዘልም ብርጭቆዋ ዝም ትላለች።

ስፓን ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። መጉበጡ በስፓኑ አራተኛ አርቢ ነው የሚሄደው። 6 ሜትሩ 5 ቢሆን ኖሮ የኮርዶቹ ድርሻ ከግማሽ በታች ይሆን ነበር።

ዝም_ብዬ_አንባቢ
ለዓመታት አንብቤ እንጂ ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን አላስቻለኝም። ካምበር የሚባለው ነገርስ? ትራሱ ሲሠራ መሃሉን ወደ ላይ ቀስት ማድረግ። እኛ ሰፈር ያሉ ሠራተኞች መድኃኒቱ እሱ ነው ይላሉ።

ሚሊሜትር
ካምበር ለዓይን ነው። ዴድ ሎዱ ሲያርፍበት ቀጥ እንዲል ያደርገዋል፣ ኮርኒሱም ሆድ አያወጣም። ግትርነቱን ግን በአንዲት ሚ.ሜ. አይለውጠውም። 10 ሚ.ሜ. ከፍ ተደርጎ የተሠራ ደካማ ትራስ፣ 10 ሚ.ሜ. ከፍ ብሎ ይነጥራል።

ጠያቂው ሊረሳው የማይገባ ግን ጊዜ ነው። እንጨት በቋሚ ጭነት እየዋለ እያደረ ይጎብጣል። በደረቅ ቤት ውስጥ ዩሮኮድ 5 በቋሚ ጭነት በሚመጣው መጉበጥ ላይ 60 በመቶ ያስጨምራል፤ በተሸፈነ ግን እርጥበት በሚያገኘው ቦታ 80። ለመገጣጠሚያው መንሸራተት ደግሞ ይህንኑ በእጥፍ ያስወስዳል። ስለዚህ ዛሬ ያየኸው የእርሳስ እርከን የመጨረሻው አይደለም።

ጣሪያ_ናፋቂ
ክሩን ላበላሽ አይደለም፤ የኔ የጣሪያ ትራስ ነው። በብርዱ ወራት ኮርኒሱ ከመሃል ክፍልፋይ ግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ ይከፈታል፣ ሞቅ ሲል ይዘጋል። መሠረቱ ወረደ ብዬ ልቆፍር ነበር። ከግትርነት ጋር ይያያዛል?

መሀንዲሷ
አትቆፍር! መሠረት ወርዶ በየዓመቱ ተመልሶ አይወጣም። ኮርኒሱ ላይ ወፍራም የሙቀት መከላከያ አለህ ብዬ ልገምት። የታችኛው ኮርድ በዚያ ውስጥ ተቀብሮ ሞቃትና ደረቅ ነው፤ የላይኛው ቀዝቃዛ ቦታ ሆኖ እርጥበት ይጠጣል። የታችኛው ጥቂት ያጥራል፣ የላይኛው ጥቂት ይረዝማል፤ ትራሱ መሃሉን ወደ ላይ ይቀስታል። ግትርነት ብትጨምርለት አይተወውም። የሚሻለው ትራሱን ከክፍልፋዩ ጋር በምስማር አለማሰር ነው። የኮርኒስ ሰሌዳውን ጠርዝ ከግድግዳው አናት ጋር አያይዘው፤ ወደ ትራሱ የሚገባውን የመጀመሪያውን ብሎን ግን ከግድግዳው 40 ሳ.ሜ. ያህል አርቀው። ሰሌዳው ራሱ ትንሽ እየታጠፈ ክፍተቱን ይደብቅልሃል።

ጣሪያ ላይ ግትርነት የሚያስፈራኝ ሌላ ቦታ ነው። አንደኛ ጠፍጣፋ ጣሪያ፦ ሲጎብጥ ውኃ ያቁራል፣ ውኃው ያጎብጠዋል፣ ሲጎብጥ ይበልጥ ያቁራል። ሁለተኛ የታችኛው ኮርዱም ወደ ላይ ሰያፍ የሆነ ትራስ፤ ሲወርድ እግሩ ወደ ጎን ይከፈትና ግድግዳውን ይገፋል። እዚያ ላይ የመሃሉን መውረድ ብቻ ያሰላ ሰው የጎን መሄዱን ረስቶታል።

ጋሽ_መጋዝ
ሌሎች ትራሶችን የሚሸከመውን ትልቁን ትራስም ጨምሪበት ልጄ። እሱ በሙሉ ጭነት ሲወርድ አጠገቡ ግድግዳ ላይ ያረፈው አይወርድም። ኮርኒሱ በሁለቱ መካከል ነው የሚቀደደው።

ወለሉ_ነጠረ
ለኔ ያለው ፈውስ ምን ሆነ ታዲያ? ትራሱ ተሠርቷል፤ 400 አላደርገው።

መሀንዲሷ
ኮርኒሱ አለመመታቱ ዕድልህ ነው። እኔ በዚህ ቅደም ተከተል እሄድ ነበር።

መጀመሪያ ሁሉንም አታፍርስ። ጭነቱ ተዘርግቶ ሲያርፍ፣ ከየግድግዳው የመጀመሪያዎቹ 4 ሰያፎች ብቻ ከጠቅላላው መንሸራተት ከግማሽ በላይ ይይዛሉ። እነሱ ላይ አተኩር። ከታች መደገፊያ አቁመህ በክሪክ ቀስ ብለህ ትራሱን ወደ ላይ ግፋ፤ ያኔ መገጣጠሚያው ከኃይል ያርፋል። የምትገፋው ከመገጣጠሚያ ሥር ብቻ ይሁን፣ ምክንያቱን ከላይ ተነጋግረናል። ከዚያ በአንድ ጊዜ አንድ መገጣጠሚያ፣ እሱንም በአንድ ጎኑ ብቻ፣ ጉሴቱን ፈትተህ እንጨቱን አጽዳና በመዋቅር ኮላ መልሰህ ምታው። አዲስ ኮምፔንሳቶ በአሮጌው ጉሴት ላይ መለጠፍ ጥቅም የለውም፤ ኮላው ሰያፉንና ኮርዱን ራሳቸውን መንካት አለበት። የምስማሩን ቁጥር አትቀንስ። የኮላና የምስማር ጥንካሬ አይደመርም፤ እኔ ጭነቱን ለምስማሩ ትቼ ኮላውን ለግትርነቱ ብቻ ነው የምቆጥረው። እጅ ሥራ ላይ የተቀባ ኮላን ሕይወት አላስይዘውም።

ሁለተኛ፣ በትራሶቹ ሆድ ውስጥ የሚያልፍ አግዳሚ አስገባ። 45 በ145 እንጨት፣ ቆሞ፣ በታች ኮርዱ ላይ አርፎ፣ ከእያንዳንዱ ትራስ ሰያፍ ወይም ከተጨመረ ቋሚ ጋር በብሎን ታስሮ። ሁለት ረድፍ፣ ስፓኑን ለሦስት የሚከፍሉ። አንድ ትራስ ሲረገጥ ጎረቤቶቹን ይጎትታል ማለት ነው። የሚቀጣጠልበት ቦታ ሁለት ትራስ ያህል ይደራረብ።

ሦስተኛው ቀላሉ፦ ከላይ ያለውን ኮምፔንሳቶ በብሎን አጥብቅ። ምስማር ብቻ ከሆነ ይነሳል፣ ይጮኻልም።

አደራህን ግን፣ ለቧንቧ ብለህ አንድ ሰያፍ እንኳ እንዳትቆርጥ።

ወለሉ_ነጠረ
ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለስኩ። እጄ አሁንም ኮላ ነው።

በመጀመሪያ አግዳሚዎቹን ብቻ አስገባሁና ያንኑ በርሜል ያንኑ ቦታ ላይ ሞላሁ። 5 የነበረው 4 ሚ.ሜ. ሆነ። ብርጭቆዋ ግን አሁንም ትንቃጨል ነበር፤ ቀነስ አለ እንጂ አልጠፋም። ከዚያ ዳር ዳር ያሉትን መገጣጠሚያዎች እንዳልሽኝ አንድ በአንድ በኮላ ሠራሁ። ከፈታኋቸው ጉሴቶች በአንዱ ሥር ምን እንዳገኘሁ ልንገራችሁ፦ የምስማሮቹ ቀዳዳ ክብ መሆኑ ቀርቶ እንደ ስንዴ ቅንጣት ሞላላ ሆኗል፤ ወደ ሰያፉ አቅጣጫ። ፎቶ አንስቼ አናፂያችንን አሳየሁት፤ ዝም ብሎ አየና «እኔ በደንብ ነው የመታሁት» አለ። በደንብ ነው የመታው፤ እውነቱን ነው።

ኮላው ደርቆ መደገፊያው ከወጣ በኋላ በርሜሉ 3 ሚ.ሜ. ሰጠ፣ ምናልባትም ትንሽ ከዚያ በታች። ልጄን ሩጪ አልኳት። ብርጭቆዋ ዝም አለች። አንድ ቦታ ብቻ ቀረ፤ ከጎን ግድግዳው ሁለተኛው ትራስ ላይ ስረግጥ አንድ ነገር ይሰማኛል።

ሚሊሜትር
በ1 ኪሎኒውተን 1.5 ሆነ ማለት ነው፤ የመሀንዲሷ ገደብ ላይ! የቀረችው ቦታ አንድ እግርህ የማይንቀሳቀስ ግድግዳ አጠገብ፣ ሌላው የሚንቀሳቀስ ትራስ ላይ ስለሆነ ነው፤ ልዩነቱን ነው የምትሰማው። አግዳሚዎቹ እስከ ግድግዳው ደርሰው ከሱ ጋር ታስረዋል?

ወለሉ_ነጠረ
አልታሰሩም፤ 20 ሳ.ሜ. ሲቀራቸው ነው ያቆምኳቸው። ቅዳሜ አስረዝማቸዋለሁ። እግረ መንገዴን፣ ባለቤቴ የተፈጥሮ ድንጋይ እናንጥፍበት ትላለች።

መሀንዲሷ
በአሜሪካ አሠራር ለሴራሚክ 360 ሲጠየቅ ለተፈጥሮ ድንጋይ 720 ነው የሚጠየቀው፤ 6 ሜትር ላይ 8.3 ሚ.ሜ.። ያንተ ኮርዶች ብቻቸውን 13.2 ናቸው፤ ኮላ አያድናቸውም። በዚያ ላይ ድንጋዩ ራሱ ዴድ ሎዱን ጨምሮ ድግግሞሹን መልሶ ያወርደዋል። ሰላምታዬን አድርስልኝና የእንጨት ንጣፍ ናሙና አሳያት።